የቀኝ የኋላ ሞላ

«ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከዛሬ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የቤተሰቡ መኪና ሁለቱም የኋላ ሞላዎች በቤቱ አባወራ የሚቀየሩ ስለሆነ፣ ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ በግቢው ውስጥ ልብስ ማስጣት፣ ውኃ መድፋት፣ በመስኮት አንገት ማውጣትና አስተያየት መስጠት የተከለከለ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።» ማስታወቂያው የተለጠፈው በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከመብራት ክፍያ ወረቀቱ ከፍ ብሎ ነው። ከግርጌው ፊርማ አለበት፣ ከፊርማው አጠገብ ቀን፣ ከቀኑ በታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለአማት» ይላል። የጎደለው ማኅተም ብቻ ነበር፤ እሱም የጎደለው የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያዥ ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ስለወጣች ነው።

አባወራው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። ገበያ ሲገባ ነጋዴው ሁሉ አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ የሚያነሣለት፣ ሲወጣ ደግሞ መልሶ የሚያስቀምጥበት ሰው። ነጋዴዎቹ «ግራሙ» አሉት። ስሙ ቀስ እያለ ከገበያ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ተነሥቶ ቤት ገባ፤ አሁን አማቱም እሱ በሌለበት የሚጠሩት በዚሁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ሲጠብቅ ስለኖረ የሚያምናቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹም መካከል ሰው የለበትም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ስንት ኪሎ እንደሆነ ያውቃል፦ ሚስቱ ስልሳ አንድ፣ አማቱ ከነሹራባቸው አርባ ሰባት፣ እሱ ራሱ ስልሳ ስምንት። የማያውቀው ነገር ቢኖር የእጅ ሥራ ነው። አምፖል ሲቃጠል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያስጠራ፣ ሚስማር ሲመታ ከሚስማሩ ይልቅ ግድግዳውን የሚጎዳ ሰው ነው። ስለዚህ ሚስቱ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንዴ ለመሣቅ፣ አንዴ ለመጠርጠር።

«ጋራዥ ምን ሆኖ ነው?» አለችው ሻዩን እየቀዳችለት።

«ጋራዥ ሌባ ነው።»

«አምናም ሌባ ነበር። አምና ወስደሃታል።»

«አምና አላወቅሁም ነበር።»

«ዘንድሮ ምን አወቅህ?»

ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦውና በስኳሩ መካከል ቁጭ አለ። አላነሣውም። ሻዩን ቶሎ ቶሎ ጠጥቶ ምላሱን ተቃጠለና ወጣ።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። አንድ ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ በረንዳው ላይ ብቅ ሲል መኪናዋን ወደ ቀኝ ኋላዋ ዘንበል ብላ አገኛት፤ የጎረቤት ጠብ በአንድ ጆሮዋ የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው። ጣቶቹን በጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ መካከል ከተተ። በግራ በኩል አራት ጣት፣ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ተኩል። ሌላ ሰው ቢሆን «ሞላው ደክሞ ነው» ብሎ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ግራሙ ግን ሞላ ማለት ሚዛን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የተጫነበትን ያህል ይወርዳል፣ አይጨምርም አይቀንስም፣ ዘመድ የለውም። ወረደ ማለት እዚያ ጥግ ላይ አንድ ከባድ ነገር እየተመላለሰ ይቀመጣል ማለት ነው። መኪናዋን ከእሱ ሌላ የምትነዳት ሚስቱ ብቻ ናት። የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ማክሰኞና ዓርብ ሥራዋን ለየትምህርት ቤቱ ታደርሳለች። ጨርቅ ነው እንዳይባል ጨርቁ የሚጫነው ከኋላ ኮፈን ነው፤ ኮፈን ደግሞ ሁለቱንም ሞላ እኩል ይጫናል። በዚያ ላይ ማክሰኞና ዓርብ አመሻሽ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ወደ ፊት ተገፍቶ ነው የሚገኘው፤ ከኋላው እግሩን መዘርጋት የሚወድ ሰው ተቀምጦ እንደነበር ዓይነት። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ተቆጣጣሪ መጣሁ ብሎ አይመጣም።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ሚስቱ ሳታየው ከመኪናዋ ሥር ተንፏቅቆ፣ ሞላው ሲወርድ የሚነካው ቦታ ላይ የሻማ ሰም ለጠፈ። ማክሰኞ አመሻሽ ሰሙ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተጨፈለቀ ለካ። ሐሙስ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ የናስ ክብደቶቹን «ለመስክ ሥራ» ብሎ ፈርሞ አወጣና፣ ሚስቱ ስፌት ቤቷ ሳለች በኋላው ወንበር ቀኝ ጥግ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ቀበቶ አሠረላቸው። የመንግሥት ንብረት ተሳፋሪ አድርጎ ሰፈሩን ሁለት ዙር ዞረ፤ ሲመለስ ቀነሰ፣ ጨመረ፣ አዲስ ሰም ለጠፈ፣ እንደገና ዞረ። ሰሙ የማክሰኞውን ያህል ሲጨፈለቅ ቆጠራቸው። አንድ መቶ ስድስት ኪሎ። ቁጥሩን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ምክንያቱም ጨርቅ አንድ መቶ ስድስት ኪሎ ሆኖ በአንድ ጥግ አይቀመጥም፣ ወንበርም ወደ ፊት አያስገፋም። ሰው ነው። የሚያውቃቸውን ወፍራሞች ሁሉ በልቡ አሰለፈ። ሚስቱ ደንብ ልብስ የምትሰፋለት አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አለ፤ ሣቂታ፣ ሽቶ የሚያበዛ፣ ሲጨብጥ እጅ የማይለቅ። በዓይን ሲመዝነው ከነከረባቱ አንድ መቶ አምስት መጣለት። በዓይን ሚዛን የአንድ ኪሎ ስህተት ይፈቀዳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ታዲያ ለምን ሞላ ይቀይራል? አሮጌ ሞላ ያለፈውን ሁሉ ቀላቅሎ ስለሚናገር ነው። አዲስ ሞላ ግን ያልተጠና ምስክር ነው፤ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ የተቀመጠበትን ብቻ ይመሰክራል። መካኒክ ጋ እንዳይወስዳት ደግሞ መካኒክ ወሬኛ ነው፤ «ኧረ በዚህ በኩል ማንን ነው የምትጭኑት?» ብሎ ጋራዡን በሙሉ ያስቃል። ገመናውን በሰው ክሪክ የሚያስነሣ ሞኝ የለም።

ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሲሆን የፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ጣለ፤ ሞላዎቹን ከገዛበት መለዋወጫ ሱቅ በተሰጠው የአሠራር ወረቀት ላይ እንደተጻፈው። ክሪኩን ሊያስገባ ጎንበስ ሲል ከአጥሩ በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡት ጎረቤቱ ናቸው።

«መጀመሪያ የጎማውን ቡሎኖች አላላቸው እንጂ» አሉት። «አንጠልጥለህ ብትታገላቸው ጎማው አብሮህ ይዞራል፣ አንተም አብረኸው ትዞራለህ።»

«ጋሼ፣ ማስታወቂያ አለ። አስተያየት ተከልክሏል።»

«ማስታወቂያው የተለጠፈው አጥር ውስጥ ነው። እኔ አጥር ውጭ ነኝ።»

ሕጉ ልክ ነበር። ቡሎኖቹን አላላ። ክሪኩን ሲያጫውተው መኪናዋ ኋላዋን ቀስ እያለች አነሣች፤ በሁለቱም ወገን የእንጨት ጉማጆች ደገፈባት፣ ሹፌሩም «ክሪክ አትመን፣ ክሪክ የከዳው ሰው መልሶ አይናገርም» ብለው ሌላ ጉማጅ አስጨመሩት። ይህን ጊዜ አማቱ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጡት፣ ነጭ ሽንኩርት በሰሐን አምጥተው መላጥ ጀመሩ። ነጭ ሽንኩርቱ ለአንድ ወር የሚበቃ ነበር።

«እማማ፣ ሽታው ሥራ ያውከኛል።»

«ማስታወቂያህ ላይ ሽታ የሚል የለም። ሁለቴ አስነብቤዋለሁ።»

የቀኙን ጎማ ፈታ። ከውስጥ ሞላው ታየ፤ ዝገትና ጭቃ የለበሰ ጥቅልል ብረት። የመኪናዋን መንገጫገጭ የሚያበርደውን ዘንግ፣ ሾኳን፣ ከታች የያዘው ቡሎን ግን አልላላም አለ። ናፍጣ ቀባው፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ ለመነው፣ ሰደበው። በመጨረሻ ሹፌሩ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ በአጥሩ አሳልፈው ሰጡትና በመፍቻው እጀታ ላይ ሰክቶ ሲጎትተው ቡሎኑ እንደ ውሻ ቡችላ ጮኾ ዞረ። ግራሙ በጀርባው ወደቀ። አማቱ አልሣቁም፤ ነገር ግን የሚልጡት ነጭ ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ ሳይላጥ ቆየ። መሬት ላይ እንደተጋደመ፣ ዘወር ብሎ አያቸውና አንድ ነገር ሞከረ።

«እማማ፣ ልጅዎ ማክሰኞ ማክሰኞ ስትወጣ ማነው አብሯት የሚሄደው?»

«ጨርቅ።»

«ጨርቅ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል?»

«ሲደክመው ነዋ።»

እኚህ ሴት ገበያ ውስጥ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አይዛቸውም ነበር። የሚያውቁት ነገር እንዳለ ግን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ ብቻ ሳትሆን ከነእናቷ፤ ቤቱ በሙሉ ተማክሮበታል ማለት ነው። የግራውንም በኩል ፈትቶ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ብረት በክሪኩ ቀስ አድርጎ ሲያወርደው፣ የቀኙ ሞላ ራሱን ለቅቆ እጁ ላይ መጣ። ከአዲሱ ጎን አቆመው። በሁለት ጣት ያጥራል። ደስ አለው፤ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር ትዞራለች ብሎ የሚያስብ ሰው ደስ ሊለው የሚችለውን ያህል። ጋዜጣ አነጠፈና ሞላውን አስተኛበት፤ በእርሳስ «ማስረጃ ቁጥር ፩» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ የግራውን አወጣ። የግራው ንጹሕ መሆን ነበረበት፤ በዚያ በኩል ኋላ ማንም አይቀመጥም፣ ፊት ላይ ያሉት ወይ እሱ ወይ ሚስቱ ናቸው። ከአዲሱ ጎን አቆመው። አንድ ጣት ያጥራል። ገልብጦ አቆመው። ያው አንድ ጣት። መሬቱ ተዳፋት እንደሆነ ብሎ ወደ በረንዳው ሲሚንቶ ወሰደውና ለካው፤ ሲሚንቶው ላይም አንድ ጣት ነው።

«ጋሼ፣ በዚህኛው በኩል ማንም አይቀመጥም። ይኼ ለምን አጠረ?»

ሹፌሩ በአጥሩ ላይ ክንዳቸውን አመቻቹ። «ሞላ የሚደክመው ሲጫኑት ብቻ ነው ያለህ ማነው? ቆሞም ይደክማል። ባዶውንም ይደክማል። ዓመት ይጫነዋል። የእኔ አውቶቡስ ተሰብሮ ሦስት ዓመት ግቢ ቆሞ ነበር፣ ድመት እንኳ አልተሳፈረበትም። ሞላው ግን ሲፈታ እንዲህ ሆኖ ነው የተገኘው።» በእጃቸው የቁመት ምልክት አሳዩ።

«ሞላ ያለ ምክንያት አይወርድም» አለ ግራሙ።

«እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። አንተ ስንት ዓመት ነዳህ?»

የማስረጃው ግማሽ በአፉ ተደፍቶበታል፤ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። የኋላውን በር ከፈተና፣ ሞላ ለመቀየር የኋላ ወንበር መንቀል እንደሚያስፈልግ ለአማቱ ጮክ ብሎ ካስረዳ በኋላ (አያስፈልግም)፣ የወንበሩን መቀመጫ ነቅሎ አነሣው። ከሥሩ የማንኛውም ቤተሰብ መኪና የሚደብቀው ነገር ሁሉ ነበር፦ የብዕር ክዳን፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ቁልፍ፣ ከምርጫው በፊት የጠፋችው የኪስ ባትሪ። በቀኙ ጥግ ደግሞ አንድ የላስቲክ ቁራጭ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የከዘራ ጫፍ እንዲሆን የተሠራ ነው፤ ታችኛው ፊቱ በመሬት ተፍቆ ለስልሷል፣ ዙሪያው በሲባጎ ታሥሯል። ዳይሬክተሩን ከዝርዝሩ ሰረዘው፤ ሽቶ የሚያበዛ ዳይሬክተር ከዘራ አይዝም። ከዚያ ሲባጎውን አየ።

ቋጠሮው ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ፣ በሦስተኛው ከሥር ያለፈና ጫፉ የተደበቀ ነው። ያን ቋጠሮ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ስምንት ዓመቱ ሳለ ሥጋ ቤት ውስጥ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ የጥቅል ሥጋ በሲባጎ ሲያስሩ አስተምረውታል፤ «ጫፉ የሚታይ ቋጠሮ ማንም ይፈታዋል» እያሉ። አባቱ ናቸው።

ከአባቱ ጋር ከተነጋገረ ስድስት ዓመቱ ነው። በሠርግ አንዱ ከዳር አንዱ ከዳር ይቀመጣሉ፣ በለቅሶ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ያኔ የሥጋ ቤቶች ቁጥጥር ደርሶት፣ ባልደረባው «የአባትህን እኔ ልግባልህ» ቢለው «ሚዛን አባት የለውም» ብሎ ራሱ ገባ። የተሰቀለው የሞላ ሚዛን ምንም ሳይንጠለጠልበት አርባ ግራም ያሳይ ነበር። አባቱ ቢላቸውን በፎጣ እየጠረጉ «ሞላው ደክሞ ነው፣ ልጄ» አሉት። ፈገግ ብለው ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከያዛቸው ሰዎች አንድም «ሰርቄ ነው» ያለው የለም። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «በእርጅና» እና «ሆን ተብሎ»። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገ። ሱቁ ለሦስት ወር ታሸገ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ እሽጉን የሚያስነሣ ሰው አልመጣም፤ አባቱ ሱቁን እንደተዘጋ ተዉት። በዚያ ሳምንት በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ለአርአያነቱ ተጨበጨበለት፤ የምስጋና ወረቀቱ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል፣ አማቱ አቧራውን ሲጠርጉ እሱን ብቻ ይዘሉታል።

ላስቲኩን ይዞ ወንበሩ በተነቀለበት መኪና ውስጥ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቆየ። ሐሙስ ዕለት ያገኘው ቁጥር አንድ መቶ ስድስት ነበር። አባቱ በሥጋ ቤቱ የበሬ ሚዛን ላይ ቆመው ለቀልድ ሲመዘኑ ሁልጊዜ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ነበሩ፤ ገበያው ሁሉ ያውቀው ነበር። አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ አባቱ የሰማው የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነው፤ የነገረውም የመኪና ሞላ ነው።

ሚስቱ ሁለተኛውን ሻይ ይዛ ስትመጣ በተነቀለው ወንበር አጠገብ ቆመች። 

«ምን አገኘህ?»

«ቁልፍ።» ሰማያዊውን የደንብ ልብስ ቁልፍ ሰጣት። ላስቲኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ሊኖር ይችላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ ቁልፉን በመዳፏ እያገላበጠች። አማቱ ነጭ ሽንኩርት መላጣቸውን አቁመዋል። መጠየቅ ይችል ነበር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ሆኑ፣ የት ነው የምታደርሻቸው፣ እግራቸውን ነው ወይስ ሌላ፣ ስለኔ ምን ይላሉ። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ ለዚያ የታተመ ቅጽ አለው። ሻዩን ተቀበለ። ጠጣው። «ስኳር አንሶታል» አለ። እሷም «ቀንሼ ነው» ብላ ገባች። ስትገባ በሩን አልዘጋችውም፣ ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ግን አልተሰማም።

መኪናዋን በጉማጆቹ ላይ እንዳለች ትቶ፣ ከአዲሶቹ ሞላዎች አንዱን በጆንያ አድርጎ ወጣ። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይኼ ከባድ መንገደኛ ነው፣ የራሱን ይክፈል» አለው፤ ሁልጊዜ ቢሆን ስለ ጭነት ደንብ ሊያስተምረው የሚነሣው ሰው ዛሬ የሁለት ሰው ከፈለ። መለዋወጫ ሱቁ ጠባብ፣ ከጣሪያው ጎማና ቀበቶ የተንጠለጠለበት፣ ሚስማርና ዳዶ በኪሎ የሚሸጥበት ነው። ባለሱቁ ገና በሩ ላይ ሲያየው ተነሥቶ ቆመ።

«ሚዛኑ ትናንት ነው የተስተካከለው።»

«አልጠየቅሁህም። ይኼን ሞላ ቀይርልኝ። ጠንከር ያለ አለህ፣ ጭነት ለሚበዛበት?»

«አለ። ታክሲዎች ናቸው የሚያስገቡት። ጥንዱን ላምጣ?»

«አንድ።»

ባለሱቁ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ግራሙ እጅ አየ፣ የሚጻፍበት ወረቀት ፈለገ። «ጋሼ፣ ምርመራ ነው? አንድ ሞላ ሸጠሃል ሊሉኝ ነው? ሞላ ጥንድ ነው የሚገባው። አንዱ ጠንክሮ አንዱ ላልቶ ከሆነ መኪናዋ ትንጋደዳለች፣ ባዶዋን ስትሄድም ትረብሻለች። ይኼን መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።»

«እኔም አውቀዋለሁ። አንድ መቶ ኪሎ ያህል ሰው ሲቀመጥበትስ?»

ባለሱቁ ጠንካራውን ሞላ በእጁ መዘን መዘን አደረገው። «ያኔ ትስተካከል ይሆናል። ግን ሰውየው ሁልጊዜ አይቀመጥማ።»

«አምጣው።»

«ነገ ተጋደደች ብለው እንዳይመጡብኝ፣ ይፈርሙልኛል?»

ግራሙ ፈረመ። ሌላውን ሲያስፈርም የኖረ እጅ እንደዚያ ቶሎ ሲፈርም ባለሱቁ ይበልጥ ፈራና የልዩነቱን ዋጋ ግማሽ ቀነሰለት። ግራሙ ግን ሙሉውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከሰዓት በኋላው ከጠዋቱ ይልቅ ፈጥኖ አለፈ። የአዲሱን ሞላ ጫፍ በመቀመጫው ጎድጓዳ ላይ አስተካክሎ ማስገባት፣ የሞላውን ላስቲክ ከላይና ከታች ማልበስ፣ ብረቱን በክሪኩ መልሶ ማንሣት፣ የሾኳን ቡሎን ማስገባት፤ እጁ አንዴ የተማረውን አልረሳውም። ሹፌሩ የቀኙ ሞላ ከግራው እንደሚወፍር ሲያዩ ከአጥሩ ላይ ሊወድቁ ነበር። «አሳስተው ሸጠውልሃል!» አሉ። «አላሳሳቱኝም» አለ። «እንግዲያው አንተ ነህ የተሳሳትከው።» ለዚህ የነበረው መልስ ለአጥር የሚነገር አይደለም። ጎማዎቹን መለሰ፣ ጉማጆቹን አወጣ፣ ቡሎኖቹን መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ አጠበቃቸው። የኋላውን ወንበር ገጠመ። ከሹፌሩ ጎን ያለውን የፊት ወንበር ደግሞ ወደ ፊት፣ እስከ ጥጉ ገፋው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በግቢው ቆመው አዩዋት። መኪናዋ በሁለቱ አዲስ ሞላዎቿ ላይ ተመቻቸች፣ ተነፈሰች፣ ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ግራ ዘነበለች።

«ገለበጥከው እንጂ አላቃናኸውም» አሉ ሹፌሩ።

«በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ከርማ ደግሞ በግራ» አሉ አማቱ። «ይቺ መኪና ወገቧን የሚያሽላት ነው የሚያስፈልጋት።»

ሚስቱ ዞራ በቀኝ በኩል መጣችና ወደ ውስጥ አየች። የፊት ወንበሩ ተገፍቷል፤ እሷ አልነካችውም። ከኋላው ቀኝ ጥግ፣ መቀመጫው ላይ፣ የከዘራ ጫፍ ላስቲክ ተቀምጧል፤ ሲባጎው እንደገና ታሥሯል፣ ሁለት ዙር፣ በሦስተኛው ከሥር አልፎ፣ ጫፉ ተደብቆ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች፤ ናፍጣና ዝገት ያጠቆረው ፊቱ ላይ የምታነበው ነገር ፈልጋ ያጣች ትመስላለች።

«ለስንት ኪሎ ነው ያስተካከልካት?»

«ለአንድ መቶ ስድስት።»

«አንድ መቶ ሦስት ናቸው» አለች። «ትናንት ሐኪም ቤት ተመዝነዋል።»

ሦስት ኪሎ። በሰሙና በናስ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተሳስቷል፣ ወይም ሞላው ልክ ነበር፣ ሦስቱ ኪሎ የሄደው ከማክሰኞው ወዲህ ነው። የትኛው እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ የጸዳውንም ጣት መልሶ ጠረገ። ሚስቱ ላስቲኩን አንሥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ቁስላቸውን ለማሳጠብ ነው የማመላልሳቸው። እግራቸው መታጠፍ አይችልም። እንዳትሰማ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ማክሰኞ ሲገቡ ወዲያው ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ሥር የኖሩ ሰው ናቸው፣ መኪናዋ በእሳቸው ልክ እንደተሠራች ሳይቀመጡ ያውቃሉ። ምን ነክቶት ነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

ግራሙ ጨርቁን አጠፈው። ጋዜጣው ላይ የተጋደመውን አሮጌ ሞላ አየ፤ «ማስረጃ ቁጥር ፩» የሚለው የእርሳስ ጽሑፍ ናፍጣ ጠጥቶ ጠቁሯል።

«ሞላው ደክሞ ነው በያቸው።»

ሚስቱ አንገቷን አቀርቅራ ቀረች። የገባት ይመስላል። ሹፌሩ ግን አልገባቸውም፣ አማቱም አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ከራሱ አፍ ሊሰሙት ፈልገዋል። አማቱ የነጭ ሽንኩርት ሰሐናቸውን ታቅፈው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምኑ ነው የደከመው? ሞላው አዲስ አይደለም እንዴ? ዛሬ ጠዋት ለውኃ መድፋት ሳይቀር ማስታወቂያ የለጠፍክ ሰው፣ ይኼንንማ ታስረዳናለህ።»

«አላስረዳም» አለ ግራሙ፤ ክሪኩን አንሥቶ ወደ ቤት ገባ።